የተተለተለው ስፒከር፦ ስለ ኪንክስና ስለ «ዩ ሪሊ ጋት ሚ» የአንባቢያን ጥያቄዎች

በ1960ዎቹ ስለተነሡት የእንግሊዝ የሮክ ባንዶች በዚህ ዓምድ ከጻፍኩ ወዲህ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ባንድና ስለ አንድ ነጠላ ዜማ ነው፤ ኪንክስ በ1964 ስላወጣው «ዩ ሪሊ ጋት ሚ»። የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእነዚህ ጥያቄዎች ሰጥቻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጊታር እጫወታለሁ። የዚህን ዘፈን መግቢያ በሰማሁ ቁጥር ጊታሩ የተሰነጠቀ፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ያወጣል። አንዳንዶች ስፒከሩ ተበላሽቶ ስለነበር ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሆን ተብሎ በምላጭ ተቆርጦ ነው ይላሉ። እውነቱ የትኛው ነው? ስፒከር መቆረጡስ እንዴት እንዲህ ያለ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል?

መልስ፦ ሆን ተብሎ ነው፤ የቆረጠውም የባንዱ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ ነው። ዴቭ በወቅቱ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ከታላቅ ወንድሙ፣ የባንዱ ድምፃዊና የዘፈን ደራሲ ከሆነው ከሬይ ጋር ያደገው በሰሜን ለንደን፣ በመስዌል ሂል አካባቢ፣ ስድስት እኅቶች ባሉበት ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ሲሆን፣ በቤቱ የፊት ክፍል ፒያኖ ነበር፤ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥርም በዚያ ክፍል ይዘፈን ነበር። ዴቭ ኤልፒኮ የተባለ ትንሽ፣ አረንጓዴ ቀለም ያለው ርካሽ አምፕሊፋየር ገዝቶ ነበር፤ ነገር ግን የሚወጣው ድምፅ በጣም የተገራ ሆነበት። ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ አንድ ቀን ምላጭ አንሥቶ የስፒከሩን ሾጣጣ ወረቀት ከመሃል ወደ ዳር ተለተለው። ወረቀቱ ተሰነጣጠቀ እንጂ ከቦታው አልተነቀለም። ከዚያም ያንን ትንሽ አምፕሊፋየር ከትልቁ፣ ቮክስ ኤሲ 30 ከሚባለው አምፕሊፋየር ጋር አያያዘውና የተሰነጣጠቀው ድምፅ ጎልቶ እንዲወጣ አደረገ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልለፍ። በስፒከር ውስጥ በማግኔት የተከበበ የሽቦ ጥቅል አለ። ከጊታሩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በተለዋወጠ ቁጥር ጥቅሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ሾጣጣ ወረቀትም አብሮ እየሄደ አየሩን ይገፋል። ወረቀቱ ሙሉ ሲሆን እንደ አንድ አካል ስለሚንቀሳቀስ ከአየሩ ላይ የሚያሳርፈው ሞገድ ከጊታሩ የመጣውን ይመስላል። ሲተለተል ግን እያንዳንዱ ቅዳጅ በየራሱ ይርገበገባል፤ ጠርዞቹም እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ እንደ ተቀደደ የከበሮ ቆዳም ይንዘረዘራል። በዚህም በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ ሌሎች ድምፆች ይጨመራሉ።

የምላጩ ታሪክ ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ሌላ ነገርም አለ። አንድ አነስተኛ አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ እንዲሠራ ሲገደድ የድምፁን ሞገድ ጫፍና ሥር እንዳለ ማሳለፍ ስለማይችል ይቆርጠዋል፤ ሞገዱ ክብ መሆኑ ቀርቶ ጫፉ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠፍጣፋ ሞገድ ደግሞ በተፈጥሮው ከዋናው ድምፅ በላይ ያሉ ብዙ ንዑሳን ድምፆችን ይዞ ይመጣል። ሙዚቀኞች ዲስቶርሽን የሚሉት ይህንን ነው። ስለዚህ በሸክላው ላይ የምንሰማው የወረቀቱ መተልተልና የአምፕሊፋየሩ መጨነቅ አንድ ላይ ሆነው የሰጡት ውጤት ነው። እርስዎ ጊታር ስለሚጫወቱ አንድ ነገር ልጨምር። በዲስቶርሽን ውስጥ ብዙ ድምፆች ያሉበት ኮርድ ሲመታ ድምፆቹ እርስ በርስ እየተጋጩ ይደፈርሳሉ፤ የኮርዱ መነሻ የሆነው ድምፅና ከእርሱ አምስተኛው ብቻ ጎልተው ሲወጡ ግን ድምፁ ጠንካራና ጥርት ያለ ሆኖ ይቆያል። ዴቭ የመረጠው የጊታር አመታት ስልት ለዚህ የሚስማማ ነበር፤ በኋላ የመጡ የሮክ ጊታሪስቶችም ከሁሉም በፊት የሚማሩት ይህንኑ ስልት ነው።

ጥያቄ፦ ዘፈኑ ሁለት ጊዜ ተቀርጿል፣ የመጀመሪያው ቅጂም ተጥሏል ሲባል ሰምቻለሁ። ለምን ተጣለ? የባንዱ የመጀመሪያ ሥራ ነበርን?

መልስ፦ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የጭንቀቱም ምንጭ ይኸው ነው። ኪንክስ ከፓይ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ በ1964 መጀመሪያ ላይ ሁለት ነጠላ ዜማዎች አውጥቶ ነበር። አንደኛው ቀድሞ በሊትል ሪቻርድ የታወቀው «ሎንግ ቶል ሳሊ» ሲሆን፣ ሁለተኛው የሬይ ድርሰት የሆነው «ዩ ስቲል ዋንት ሚ» ነው። ሁለቱም ከዘፈኖች የሽያጭ ደረጃ ሠንጠረዥ ሳይገቡ ቀሩ። በዚያ ዘመን አንድ አዲስ ባንድ ሁለት ጊዜ ከከሸፈ በኋላ ሦስተኛ ዕድል ማግኘቱ ራሱ እንደ ቸርነት የሚቆጠር ነበር።

ሦስተኛውን ዘፈን ሬይ የጻፈው በቤታቸው ፒያኖ ላይ ነው። ሬይ በሆርንዚ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ የተማረ፣ የአሜሪካን ብሉዝ በተለይም እንደ ሌድ ቤሊና ቢግ ቢል ብሩንዚ ያሉትን አጥብቆ የሚወድ ወጣት ስለነበር፣ ዘፈኑ ሲወለድ ወደ ብሉዝና ወደ ጃዝ ያዘነበለ፣ ዘና ያለ ነበር። እየተደጋገመ የሚመጣውን ሐረግ ጊታሪስቶች ሪፍ ይሉታል፤ ይህን ሪፍ ዴቭ ወደ ጊታር ወስዶ በዚያ በተተለተለ ስፒከር ሲመታው ዘፈኑ ፈጽሞ ሌላ ሆነ።

በመጀመሪያው ቀረጻ ግን ይህ አልተሰማም። ፕሮዲውሰሩ ከአሜሪካ ወደ ለንደን የመጣው ሼል ታልሚ ነበር፤ በፓይ ስቱዲዮ የተቀረጸውም ቅጂ ዝግ ያለ፣ ማስተጋባት የበዛበትና ጊታሩን ወደ ኋላ የገፋ ሆነ። ሬይ ቅጂውን አምርሮ ጠላው፤ እንደገና ካልተቀረጸ ዘፈኑን በመድረክም ሆነ በማስተዋወቂያ ላይ እንደማያቀርብ አስታወቀ። ኩባንያው ቀደም ሲል የወጡት ሁለት ዜማዎች ስላልተሸጡ ለሌላ ቀረጻ ገንዘብ አላወጣም አለ፤ ነገሩ የተፈታው የባንዱ አስተዳዳሪዎች ወጪውን ራሳቸው በመሸፈናቸው ነው። በሐምሌ ወር በለንደን አይቢሲ በተባለው ስቱዲዮ፣ አሁንም በታልሚ ፕሮዲውሰርነት፣ ዛሬ የምናውቀው ፈጣኑና ደረቁ ቅጂ ተቀረጸ።

እዚህ ላይ ስለ ሬይ የሚሰማኝን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ሬይ ገና 20 ዓመት የሞላው፣ ሁለት ጊዜ የከሸፈና በውል የታሰረ ወጣት ነበር፤ የተሰጠውን ቅጂ አመስግኖ ቢቀበል ማንም አይወቅሰውም ነበር። የወንድሙን ጊታር ድምፅ ከስቱዲዮው ንጽሕና ያዳነው የእርሱ እምቢታ ነው። የምላጩን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል፤ ይህ እምቢታ ግን የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም።

ነጠላ ዜማው በእንግሊዝ የወጣው ነሐሴ 4 ቀን 1964 ነው። በመስከረም ወር የእንግሊዝን ሠንጠረዥ በአንደኝነት ያዘ፤ በአሜሪካም እስከ ሰባተኛ ደረጃ ደረሰ። ባንዱ ፋታ ሳይወስድ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በተመሳሳይ መንገድ የተሠራውን «ኦል ዴይ ኤንድ ኦል ኦፍ ዘ ናይት» አወጣ፤ እርሱም በእንግሊዝ ሁለተኛ ሆነ።

ጥያቄ፦ በዘፈኑ መካከል ያለውን የጊታር ሶሎ የተጫወተው በኋላ የሌድ ዜፕሊን ጊታሪስት የሆነው ጂሚ ፔጅ ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም። ሶሎው የዴቭ ዴቪስ ነው። ወሬው የተነሣው ጂሚ ፔጅ በዚያን ጊዜ በለንደን ስቱዲዮዎች ተፈላጊ የቅጥር ጊታሪስት ስለነበርና በኪንክስ የመጀመሪያ አልበም ላይ ባሉ አንዳንድ ሌሎች ዘፈኖች ስለተሳተፈ ነው። ፔጅ ራሱ በዚህ ዘፈን ላይ ጊታር እንዳልመታ ተናግሯል፤ ፕሮዲውሰሩ ታልሚም ይህንኑ አረጋግጧል። ለ17 ዓመት ልጅ በሕይወቱ ትልቁን ሥራ ሠርቶ ምስጋናው ለሌላ ሲሰጥበት ማየት ቀላል አይደለም፤ ዴቭም በዚህ ጉዳይ ላይ ለዓመታት መከራከሩ አያስገርመኝም።

በውጭ ሰው የተሠራ አንድ ነገር ግን አለ። ታልሚ ለድራሙ የቅጥር ተጫዋች የሆነውን ቦቢ ግራሃምን አምጥቶ ነበር፤ ባንዱን በዚያው ዓመት የተቀላቀለው ሚክ ኤቮሪ በቀረጻው ላይ የመታው ታምቡሪን ነው። ባስ ጊታሩ የባንዱ አባል የፒት ኩዌይፍ ነው።

ጥያቄ፦ የተዛባ የጊታር ድምፅ በሸክላ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በዚህ ዘፈን ነው? ካልሆነስ ስለ ምን ይህን ያህል ይነገርለታል?

መልስ፦ የመጀመሪያው አይደለም፤ ይህን በግልጽ መናገር ለዘፈኑም ክብር ይበጃል። በ1951 በሜምፊስ በተቀረጸው «ሮኬት 88» ላይ የጊታሩ አምፕሊፋየር ከቀረጻው በፊት ተጎድቶ ስለነበር ድምፁ ሻካራ ሆኖ ወጥቷል። አሜሪካዊው ጊታሪስት ሊንክ ሬይ ደግሞ በ1958 ባወጣው «ራምብል» ለተባለው ሙዚቃ ስፒከሩን ራሱ ቀዳድቶታል። ስለዚህ ዴቭ ዴቪስ የተበላሸ ድምፅን ውበት በማግኘት ቀዳሚ አይደለም።

አዲሱ ነገር ይህ ድምፅ የዘፈኑ መዋቅር መሆኑ ነው። በ«ሮኬት 88» ላይ ሻካራው ጊታር ከፒያኖውና ከሳክስፎኑ ሥር የሚሄድ አጃቢ ነው፤ «ራምብል» ደግሞ ግጥም የሌለው የመሣሪያ ሙዚቃ ነው። በኪንክስ ዘፈን ግን ጊታሩ ብቻውን ይገባል፤ ድምፃዊው የሚዘፍነውም ጊታሩ በዘረጋው መንገድ ላይ ነው። ሪፉ ሁለት ኮርድ ብቻ ነው፤ ከኤፍ ወደ ጂ እየተመላለሰ ይሄዳል። ከዚህ የቀለለ ነገር ማሰብ ያስቸግራል። ድምፁ ግን ከዚህ የበዛ ነገር ቢጫንበት ኖሮ ይደፈርስ ነበር። ዘፈኑና ድምፁ አንዱ ለሌላው የተፈጠሩ ያህል ተስማምተዋል፤ ዘፈኑን ለዘመናት ያቆየውም ይህ ስምምነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምላጭ በእጁ የነበረ ጊታሪስት ሁሉ እንዲህ ያለ ዘፈን አላገኘም።

ከዚህ ይልቅ ችላ የሚባል ሌላ ነገር አለ፤ በእኔ አስተያየት የዘፈኑ ዋና ብልሃት እርሱ ነው። ያው ባለ ሁለት ኮርድ ሪፍ ጥቂት እንደተደጋገመ አንድ ሙሉ ደረጃ ወደ ላይ ይዘላል፤ ከኤፍና ጂ ወደ ጂና ኤ ይሄዳል ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ አዝማቹ ሲደርስ ወደ ሲና ዲ ይወጣል። ግጥሙ የሚናገረው ስለ አንዲት ሴት ፍቅር ልቡ ተይዞ እንቅልፍ ስላጣ ወጣት ሲሆን፣ ቃላቱ በጣም ጥቂት ናቸው፤ በቃላት ያልተነገረውን የልብ መጣደፍ የሚናገረው ይህ መውጣት ነው። ከሁለት ደቂቃ ብዙም በማይዘልቅ ዘፈን ውስጥ አድማጩ ደጋግሞ ከፍ ይደረጋል፤ በመካከል ዕረፍት የለም፤ ሶሎው ሲመጣም ከተማረ እጅ የሚወጣ ጥንቃቄ የለበትም፤ እየተደናቀፈ እንደሚሮጥ ሰው ነው። አዝማቹ ሲመለስ ዘፈኑ በጀመረበት ጉልበት ላይ አለመቆየቱን፣ ይልቁንም ከፍ ማለቱን ልብ ብለው ያዳምጡ።

ተጽዕኖው የታየው ወራት ሳይቆይ ነው። ዘ ሁ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በጥር 1965 ያወጣው «አይ ካንት ኤክስፕሌን» በዚያው በሼል ታልሚ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የኪንክስን አሠራር በግልጽ የተከተለ ነው፤ ደራሲው ፒት ታውንዘንድም ይህን አልሸሸገም። በ1965 ሮሊንግ ስቶንስ ባወጣው «ሳቲስፋክሽን» ላይ ኪት ሪቻርድስ ፈዝ የተባለ፣ በእግር የሚረገጥ ድምፅ ማዛቢያ መሣሪያ ተጠቀመ፤ ከዚያ ወዲህ የተዛባውን ድምፅ ለማግኘት ስፒከር መቁረጥ አላስፈለገም፤ ከሱቅ የሚገዛ ነገር ሆነ። በጠንካራ ኮርዶች ላይ የቆመው ሃርድ ሮክ፣ ከእርሱም የወጣው ሄቪ ሜታል፣ በኋላም በጥቂት ኮርድና በብዙ ጉልበት የመጣው ፓንክ፣ ታሪካቸው ሲጻፍ ይህ ነጠላ ዜማ ሳይጠራ የሚታለፍበት ጊዜ ጥቂት ነው። በ1978 ደግሞ የካሊፎርኒያው ቫን ሄለን የመጀመሪያ ነጠላ ዜማውን ሲያወጣ የመረጠው ይህንኑ ዘፈን ነበር። አንድ ዘፈን ለሁለት ባንዶች፣ በ14 ዓመት ልዩነት፣ የዝና መግቢያ በር ሆነ ማለት ነው።

ኪንክስ በ1990 ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ገባ፤ በዚያው ዓመት ዘ ሁም አብሮ ገብቷል። ዘፈኑ ራሱ በ1999 በግራሚ የዝና አዳራሽ ተመዝግቧል።

ጥያቄ፦ እንዲህ ከሆነ ኪንክስ በአሜሪካ እንደ ቢትልስና እንደ ሮሊንግ ስቶንስ ያልገነነው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ዋናው ምክንያት በአሜሪካ መድረክ ላይ እንዳይጫወት መከልከሉ ነው። ባንዱ በ1965 በአሜሪካ ባደረገው ጉዞ ከአዘጋጆች ጋር ደጋግሞ ተጋጨ፤ ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የሙዚቀኞች ማኅበር ለባንዱ የሥራ ፈቃድ መስጠት አቆመ፤ ይህም እስከ 1969 ቆየ። የባንዱ ጠባይም አልረዳው። ወንድማማቾቹ እርስ በርስ ይጣሉ ነበር፤ በ1965 በዌልስ፣ በካርዲፍ ከተማ መድረክ ላይ ደግሞ ዴቭና ሚክ ኤቮሪ ተጣልተው ኤቮሪ በድራም መሣሪያው የዴቭን ጭንቅላት መትቶ ጥሎታል።

የእንግሊዝ ባንዶች አሜሪካን በሚያጥለቀልቁበት በዚያ ወሳኝ ጊዜ ኪንክስ በሀገሩ ተወስኖ ቀረ። ጉዳቱ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ሬይ ዴቪስ ፊቱን ወደ እንግሊዝ ኑሮ መልሶ በ1967 «ዋተርሉ ሰንሴትን»፣ በ1968 ደግሞ ስለ ጠፋ የመንደር ሕይወት የሚተርከውን የ«ቪሌጅ ግሪን» አልበም የሰጠን በእነዚህ ዓመታት ነው። እነዚህን ሥራዎች ከመጀመሪያው ዝነኛ ዜማ ጋር አስተያይቶ የሚሰማ ሰው የአንድ ባንድ ናቸው ብሎ ለማመን ይቸገራል። ባንዱ ወደ አሜሪካ ገበያ በጉልህ የተመለሰው በ1970 በ«ሎላ» ነው። እስከዚያ ድረስ ግን በ1964 ያስተዋወቀውን ድምፅ ሌሎች ተረክበው በትልልቅ አዳራሾች እየሸጡት ነበር። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ልጄን ከዚህ ዘፈን ጋር ላስተዋውቀው እፈልጋለሁ። የትኛውን ቅጂ ላሰማው?

መልስ፦ በ1964 በሞኖ፣ ማለትም በአንድ የድምፅ መስመር፣ ከወጣው ከመጀመሪያው ቅጂ ይጀምሩ፤ ከስልክ ስፒከር ይልቅም በደህና ማዳመጫ ያሰሙት፤ ምክንያቱም የተተለተለው ወረቀት ርግብግቢት በትንሽ ስፒከር ውስጥ ይጠፋል። መጀመሪያ ጊታሩን ብቻ፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲሰማ ደግሞ ሪፉ ከፍ የሚልባቸውን ቦታዎች በጣቱ እየቆጠረ እንዲከታተል ያድርጉት። ቀጥሎ የቫን ሄለንን ቅጂ ያሰሙት፤ ኤዲ ቫን ሄለን እጅግ የላቀ ባለሙያ ስለሆነ በሶሎው ይደነቃል፤ ሪፉ ግን ሳይነካ እንዳለ መቀመጡን ያስተውላል። በመጨረሻም ኪንክስ ራሱ በ1980 ባወጣው «ዋን ፎር ዘ ሮድ» የተባለ የመድረክ አልበም ላይ ያለውን ያሰሙት፤ በዚያ ቅጂ ዴቭ ዴቪስ በ17 ዓመቱ የፈጠረውን ድምፅ ከ16 ዓመት በኋላ በሺህ በሚቆጠር የአሜሪካ ሕዝብ ፊት ሲመታው ይሰማል።